ጣና ዳር የተተከሉት ሳጥኖች፦ የብሉቱዝ ግንኙነት ሲሰናከል

ሰኞ

ሥራው ይህን ይመስላል። ባሕር ዳር፣ ጀልባዎች ከሚቆሙበት የጣና ዳርቻ አጠገብ ሦስት ትናንሽ ሳጥኖች ተክለናል። አንዱ የሐይቁን ከፍታ ይለካል፣ አንዱ የውሃውን ሙቀት፣ አንዱ ደግሞ የአየሩን ሙቀትና እርጥበት። በየሳጥኑ ውስጥ አርዱይኖ ናኖ የሚባል ትንሽ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ ኤችሲ-05 የብሉቱዝ ሞጁል፣ ባትሪና ትንሽ የፀሐይ ፓኔል አለ። መረጃውን የሚሰበስበው ራስፕቤሪ ፓይ የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር (ባጭሩ ፓዩ) ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። ላዩ ላይ በፓይተን የተጻፈ አንድ ፕሮግራም አለ፤ ሦስቱንም በየተራ ያነባል።

የጣና ውሃ ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ይሞላል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ዝቅ ይላል። ይህን ለውጥ ሳይቆራረጥ መመዝገብ ለጀልበኛውም ለዓሣ አጥማጁም ይጠቅማል ብለን ነው የተነሳነው። ስለዚህ የመረጃ ክፍተት በጣም ያሳስበኛል። አንድ ሳጥን ዝም ሲል የሌሎቹ መረጃ አብሮት መበላሸት የለበትም።

እስካሁን የምንጠቀምበት ፕሮግራም ኮኔክት (ተገናኝ) ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። ሳጥኑ ካለ ችግር የለም። ባትሪው አልቆ ከሆነ ግን ፕሮግራሙ እዚያው ይደርቃል። ብሉቱዝ አንድን መሣሪያ ለመጥራት የሚሰጠው ጊዜ፣ ካልቀየሩት በቀር፣ 8192 ስሎት ነው። አንድ ስሎት 0.625 ሚሊሰከንድ ነው። ሲባዛ 5.12 ሰከንድ ይመጣል። የሬዲዮ ጥሪው መልስ አግኝቶ የአርኤፍኮሙ (በብሉቱዝ ላይ መረጃ የሚያመላልሰው ደንብ) ንግግር መሃል ላይ ከቀረ ደግሞ ጥበቃው ከዚህም ይረዝማል። በዚያ ጊዜ ሁሉ የሌሎቹ ሳጥኖች መረጃ ሳይነበብ ይጠራቀማል። ሰዓቱን የሚለጥፍበት ፓዩ ስለሆነ፣ ዘግይቶ የተነበበ ሁሉ የተሳሳተ ሰዓት ይዞ ይመዘገባል።

ለየሳጥኑ የራሱን ትሬድ፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሄድ የፕሮግራም ክፍል፣ መስጠት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚሄድበት መንገድ ነው። እኔ ግን ሦስት መሣሪያ ለሚያክል ሥራ አንድ ዙር ይበቃል ባይ ነኝ። ሁሉም ነገር አንድ ቦታ ሲታይ ስህተትን መከታተል ይቀላል። ስለዚህ ወደ ኖን-ብሎኪንግ ሶኬት፣ ማለትም ቆሞ ወደማይጠብቅ የግንኙነት ጫፍ፣ እንሄዳለን።

ማክሰኞ

የመጀመሪያው ነገር ሶኬቱን ሴት-ብሎኪንግ ሐሰት ማለት ነው። ከዚያ ኮኔክት ሲጠራ ወዲያው ይመለሳል። የሚመልሰው ግን ዜሮ አይደለም፤ ሊኑክስ በሚባለው የፓዩ ሥርዓተ ክወና ላይ 115 ነው። ትርጉሙ «ጀምሬዋለሁ፣ ገና አላለቀም» ነው። ዘመድ ቤት ልጅ ልኮ መልሱ እስኪመጣ ወደ ሥራ እንደመመለስ ነው። ልጁ ወጣ ማለት ዘመዱ ቤት ነው ማለት አይደለም። የለም ማለትም አይደለም።

ፓይተን ላይ ተራው ኮኔክት 115ን እንደ ኤክሴፕሽን (ካልተያዘ ፕሮግራሙን የሚያቋርጥ ስህተት) ይወረውረዋል። ኮኔክት-ኤክስ የሚባለው ግን ቁጥሩን ብቻ ይመልሳል። ለዚህ ሥራ ሁለተኛው ይሻላል። ቁጥር ቁጥር ሆኖ ሲመጣ መለየት ቀላል ነው።

ደንቡን እንዲህ አስቀመጥኩት፦

ዜሮ ከሆነ፦ ተገናኝቷል፣ ማንበብ ጀምር።
115 ከሆነ፦ ወደ ተጠባባቂዎቹ ዝርዝር አስገባ።
ሌላ ማንኛውም ቁጥር ከሆነ፦ እዚያው ወድቋል፣ ቁጥሩን መዝግብ፣ ሶኬቱን ዝጋ።

ሦስተኛው መስመር አስፈላጊ ነው። ወዲያው የወደቀን ሶኬት ተጠባባቂዎቹ ውስጥ መክተት የማይመጣ መልስ መጠበቅ ነው። ያን ጊዜ ፕሮግራሙ አይሞትም፣ አይሠራምም። እንዲህ ያለ ብልሽት ለማግኘት በጣም ያስቸግራል።

ረቡዕ

ተጠባባቂዎቹን የምናየው በፖል፣ ሶኬቶችን በሚከታተልልን ጥሪ፣ ነው። ሶኬቱ ለመጻፍ ዝግጁ ሲሆን ፖል ይነግረናል። እዚህ ላይ ብዙ ምሳሌ ኮዶች ይቸኩላሉ። ለመጻፍ ዝግጁ ሆነ ማለት ተገናኘ ብለው ያልፋሉ። እንደዚያ አይደለም። ፖል የሚለን ጉዳዩ ማለቁን ብቻ ነው። በምን አለቀ የሚለውን ራሳችን መጠየቅ አለብን።

መጠየቂያው ጌት-ሶክ-ኦፕት ነው፤ ኤስኦ-ኤረር የሚባለውን ዋጋ ያወጣልናል። ዜሮ ከሆነ ተገናኝተናል። ካልሆነ እውነተኛው የስህተት ቁጥር እሱ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለው። ይህ ቁጥር አንዴ ሲነበብ ይጠፋል። ለመዝገብ ብለው አንዴ ካነበቡት፣ ቀጥሎ ለውሳኔ ሲያነቡት ዜሮ ያገኛሉ። ያልተገናኘው ሳጥን እንደተገናኘ ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ ተለዋዋጭ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከዚያ በኋላ ያንኑ ተለዋዋጭ መጠቀም ነው።

ሌላው፣ ግንኙነቱ ከተሳካ በኋላ የፖሉን ጥያቄ መቀየር ያስፈልጋል። የተገናኘ ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ ለመጻፍ ዝግጁ ነው። «ለመጻፍ ሲዘጋጅ ንገረኝ» የሚለውን ካልቀየርነው ፖል ሳያርፍ ይመለሳል፤ ፓዩም በከንቱ ይግላል። ስለዚህ «ለማንበብ የሚሆን ሲመጣ ንገረኝ» ወደሚለው ይቀየራል። የሞተ ሶኬትም ዝርዝሩ ውስጥ ከተረሳ ያው ችግር ነው። የስህተትና የመዘጋት ምልክቶችን ፖል ባንጠይቀውም ይልካቸዋልና።

ሐሙስ

ዛሬ ስህተቶቹን ሆን ብዬ እየፈጠርኩ ነው የዋልኩት። የዚህ ሥራ ዋናው ክፍል ይኼ ይመስለኛል። «ግንኙነት አልተሳካም፣ እንደገና ሞክር» የሚል አንድ መስመር ሁሉን አይሸፍንም። ቁጥሮቹ ወደተለያየ ቦታ ነው የሚልኩን።

መጀመሪያ የአንዱን ሳጥን ባትሪ ነቀልኩ። ከ5 ሰከንድ ትንሽ በኋላ 112 መጣ። ጥሪው ተላልፎ የሚመልስ አልተገኘም ማለት ነው። ይህ ቁጥር ወደ ውሃው ዳር ይልካል፦ ባትሪ፣ ርቀት፣ ሳጥኑን የሸፈነ ነገር።

ቀጥሎ የፓዩን የራሱን ብሉቱዝ አጠፋሁ። 113 መጣ። የመጣው ደግሞ በቅጽበት ነው፤ 5 ሰከንድ የሚባል ነገር የለም። መንገድ የለም ነው የሚለው፤ የጎደለው እኛው ጋ ነው። በዚህ ጊዜ ውሃ ዳር መውረድ ምንም አይጠቅምም። ሦስቱም ሳጥኖች አንድ ላይ 113 ካሉ በእነሱ ላይ ውድቀት መቁጠርም ተገቢ አይደለም። ፕሮግራሙ ሁሉንም ሙከራ ያቆማል። የብሉቱዝ አስማሚው እስኪነሳ ብቻ ይጠብቃል።

ከዚያ ሳጥኑን መልሼ አበራሁና በሌለ ቻናል ላይ ጠራሁት። አርኤፍኮም ከ1 እስከ 30 ቻናል አለው፤ ኤችሲ-05 ብዙውን ጊዜ 1 ላይ ነው የሚቀመጠው። ሌላ ቻናል ሲጠራ 111 መለሰ፦ አልቀበልም። ይህ በአንድ በኩል ጥሩ ዜና ነው። ሳጥኑ በርቷል፣ ሬዲዮው ይሰማል፣ ርቀቱም ይበቃል ማለት ነው። የቀረው የቻናል ወይም የፔር (ሁለቱን መሣሪያዎች በምስጢር ቁጥር የማጣመር) ጉዳይ ነው። የፔር ቁጥሩ ተለውጦ ማረጋገጫው ሲከሽፍም ያው 111 ነው የሚመጣው። ስለዚህ 111 ሲመጣ በየደቂቃው መሞከር ትርጉም የለውም። ሰው ማየት አለበት።

የከበደኝ አራተኛው ነው። ስልኬን ከሳጥኑ ጋር አገናኘሁና ፓዩ እንዲጠራው አደረግኩ። ኤችሲ-05 በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነው የሚያወራው። ሳጥናችን ለፓዩ ጭራሽ መልስ አልሰጠም፤ የመጣው 112 ነው። ባትሪ ያለቀበት ሳጥንና ሌላ ስልክ የያዘው ሳጥን በቁጥር አይለዩም።

የሚለያቸው መብራቱ ነው። ሞጁሉ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ሳይገናኝ ሲቀር ቶሎ ቶሎ ብልጭ ትላለች። ሲገናኝ ሁለቴ ብልጭ ብላ ታርፋለች። ባትሪው ካለቀ ደግሞ ጨለማ ነው። የሳጥኑ ክዳን ብርሃን ያሳልፋል፣ ስለዚህ ከውጭ ይታያል። ለጥበቃው ደወልኩና ለመዱት።

«ጋሼ፣ ደህና ዋሉ? የመሃከለኛዋን ሳጥን መብራት ቢያዩልኝ።»

«ምን ሆነች?»

«ቶሎ ቶሎ ነው የምትለው ወይስ ሁለቴ ብላ ነው የምታርፈው?»

«ሁለቴ ብላ ታርፋለች ልጄ። ያመመች አትመስልም።»

«አላመማትም። ሰው ይዟታል ማለት ነው። ስልኬን ላላቅቅ።»

ከዚህ በኋላ 112 ሲደጋገም መጀመሪያ ስልክ እደውላለሁ። ሁለቴ ብላ የምታርፍ ከሆነች የማናውቀው ስልክ ገብቷል። ኤችሲ-05 ሲመጣ የፔር ቁጥሩ ብዙ ጊዜ 1234 ወይም 0000 ነው። ሰው የሚበዛበት ቦታ ላይ የሚተከል ከሆነ ይህን ቁጥር መቀየር ግድ ነው። የሦስቱንም ዛሬ ቀየርኩ።

ዓርብ

ሶኬቱ ከወደቀ በኋላ በዚያው ሶኬት ላይ እንደገና ኮኔክት ማለት አይቻልም። 77 ይመጣል፤ ሶኬቱ ለዚህ ሥራ በማይሆን ሁኔታ ላይ ነው የሚል ነው። ገና 115 ላይ ያለውን ሶኬት ሁለተኛ መጥራትም ያንኑ 77 ያመጣል። ደንቡ አጭር ነው፦ አንድ ሙከራ፣ አንድ ሶኬት። ከወደቀ ዝጋው፣ አዲስ ክፈት።

ዘግቶ ወዲያው አዲስ መክፈትም የራሱ ጣጣ አለው። መዝጋት ከእኛ በኩል በቅጽበት ያልቃል፤ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ግን ከሳጥኑ ጋር መለያየቱን ከበስተጀርባ ይቀጥላል። እሱ ሳይጨርስ ያንኑ ሳጥን በዚያው ቻናል ከጠራነው 16 ይመጣል፦ ተይዟል። ከአንድ ሳጥን ጋር በአንድ ቻናል ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚፈቀደው። ይህ እንደ ውድቀት አይቆጠርም። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ መሞከር በቂ ነው።

16 ሌላም መንገድ አለው። ፓዩ ያለው ሬዲዮ አንድ ነው። አንዱን ሳጥን እየጠራ ሳለ ሌላውንም ጥራ ስንለው አንዳንድ አስማሚ ሁለተኛውን ትእዛዝ አይቀበልም። ኖን-ብሎኪንግ ስለሆነ ሦስቱንም አንድ ላይ እንጥራ የሚል ሐሳብ ይመጣል። አይመከርም። እኔ ወረፋ ሠራሁላቸው። በአንድ ጊዜ አንድ ጥሪ ብቻ፤ የተገናኙት ግን ሳይቋረጥ ይነበባሉ። የምንፈልገውም ይህንኑ ነበር።

ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ተነሳ። ጀልባዎቹ እየተወዛወዙ ሳጥኖቹ ፊት ይቆማሉ። መስመሩ ብልጭ ድርግም ይላል። እስካሁን ያየነው የመገናኘት ስህተት ነው። ዛሬ ደግሞ ከተገናኙ በኋላ መለያየት።

ሳጥኑ ሥርዓት ባለው መንገድ ከተለያየ፣ ሲነበብ ባዶ ይመለሳል፣ ወይም 104 ይመጣል። ይህ ቀላል ነው። ከባዱ ዝም ብሎ የሚጠፋው ነው። ባትሪው በድንገት ሲቋረጥ «ደህና ሁን» የሚል መልእክት የለም። ፓዩ መስመሩ እንዳለ ያምናል። ብሉቱዝ መስመሩ ሞቷል የሚለው፣ ካልቀየሩት በቀር፣ ከ20 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ነው። ያን ጊዜ 110 ይመጣል።

በዚህ 20 ሰከንድ ውስጥ ለማንበብ ስንሞክር የምናገኘው 11 ነው። እሱ ደግሞ ስህተት አይደለም፤ አሁን የሚነበብ የለም ማለት ብቻ ነው። ጤነኛው ሳጥንም በሁለት መልእክቶች መካከል ያንኑ 11 ይሰጣል። በ11 ሰበብ ሶኬት የሚዘጋ ፕሮግራም ጤነኛ መስመር እየቆረጠ ይውላል።

ስለዚህ የሳጥኖቹን ፕሮግራም ነካሁት። በየ4 ሰከንዱ፣ አዲስ ልኬት ባይኖር እንኳ፣ አንድ አጭር መስመር ይልካሉ። ፓዩ ለ12 ሰከንድ ምንም ካልሰማ 110ን ሳይጠብቅ ይዘጋል። ለምን 12? አንድ ጀልባ ፊት ለፊት አልፎ አንድ ሁለት መልእክት ቢዘገይ መስመሩ አላግባብ እንዳይቆረጥ ነው።

መልእክት ሲነበብ ተቆራርጦ ሊመጣ ይችላል። አርኤፍኮም ባይቶችን በቅደም ተከተል ያደርሳል እንጂ መስመር የት እንደሚያልቅ አያውቅም። የመስመር መጨረሻ ምልክት እስኪመጣ ለየሳጥኑ በተለየ ቋት ማጠራቀም ያስፈልጋል። መስመሩ ሲቋረጥ ቋቱም አብሮ ይጸዳል። ካልሆነ የአሮጌው ግማሽና የአዲሱ ግማሽ ተጋጥመው የሌለ ቁጥር ይወልዳሉ።

እሑድ፣ ከሰዓት

የሰዓት ጉዳይ። የእኛ ፓይ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን ይዞ የሚያቆይ ባትሪ የለውም። መብራት ሲመለስ በድሮ ሰዓት ይነሳና ኢንተርኔት ሲያገኝ ዘሎ ይስተካከላል። የ12 ሰከንዱን ቆጠራ በግድግዳ ሰዓት (ቀንና ሰዓት በሚናገረው ተራ ሰዓት) ከያዝነው፣ በዚያች ዝላይ ሦስቱም ሳጥኖች እንደሞቱ ተቆጥረው ይዘጋሉ። ፓይተን ወደ ኋላ የማይመለስና የማይዘል ቆጣሪ አለው፤ ሞኖቶኒክ ይባላል። የጥበቃ ጊዜ ሁሉ በእሱ ነው የሚቆጠረው። የግድግዳው ሰዓት ለመዝገቡ ብቻ ይውላል።

እንደገና መሞከሩን ደግሞ እንዲህ አደረግኩት። 112 ሲመጣ መጀመሪያ 5 ሰከንድ፣ ከዚያ 10፣ 20፣ 40 እያለ እስከ 5 ደቂቃ ይሄዳል። ከዚያ በላይ አይጨምርም። በየአንዳንዱ ላይ ትንሽ የዘፈቀደ ሰከንድ ይታከልበታል። መብራት መጥቶ ሁሉም በአንዴ ሲነሳ እኩል ወረፋው ላይ እንዳይጨናነቁ ነው። 16 ሲመጣ ሁለት ሦስት ሰከንድ። 111 ሲመጣ ሙከራው ቆሞ ለእኔ መልእክት ይላካል። 113 ሲመጣ ሁሉም ይቆማል፣ አስማሚው ይፈተሻል።

አንድ ነገር ላይ ደጋግሜ አሰብኩ። የጥበቃው ጊዜ ወደ 5 ሰከንድ የሚመለሰው መቼ ነው? ግንኙነቱ እንደተሳካ ወዲያው ከመለስነው፣ ተገናኝቶ ወዲያው የሚወድቅ ደካማ ሳጥን ወረፋውን ለብቻው ይይዘዋል። ስለዚህ አንድ ሙሉ መስመር ሲነበብ ብቻ ነው የሚመለሰው። መረጃ ያመጣ ሳጥን ነው የተገናኘ የሚባለው።

ማክሰኞ

መዝገቡ ላይ ከቁጥሩ ጎን ደረጃውን መጻፍ ጀመርኩ፦ ሲጠራ፣ ሲጠብቅ፣ ሲያነብ። አንድ ቁጥር በተለያየ ደረጃ የተለያየ ነገር ይናገራል። 110 ሲጠብቅ ከመጣ ንግግሩ መሃል ላይ ቀርቷል። ሲያነብ ከመጣ የነበረ መስመር ሞቷል። የፈጀውን ጊዜም አብሬ እይዛለሁ።

መዝገቡ ወዲያው አንድ ነገር አሳየኝ። ፓዩ መረጃውን በዋይፋይ ወደ ሰርቨር በሚልክባቸው ደቂቃዎች የሳጥኖቹ መልእክት ይዘገያል። ዋይፋዩም ብሉቱዙም 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ናቸው፤ ፓዩ ላይ አንቴናቸውም አንድ ነው። ኬብል ዘረጋንለት።

ሐሙስ

የከፍታው ሳጥን ሳይቋረጥ እያወራ ውሃው በአንድ ሌሊት እንደ ጨመረ ነገረን። ግንኙነቱ ጤነኛ ነው፣ አንድም የስህተት ቁጥር የለም። ጋሼ ወርደው ሲያዩ ነፋሱ የገፋው እምቦጭ ከሴንሰሩ ሥር ተኝቷል። ሴንሰሩ ከፍታውን የሚለካበት የድምፅ ሞገድ የሚመለሰው ከውሃው ሳይሆን ከቅጠሉ ነው። ይህ አረም ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን እያስቸገረ ነው፤ እኛም ጋ ደረሰ። በሶኬት የሚፈታ አይደለም። ሴንሰሩ ዙሪያ መረብ ይታሰርለታል።

እዚያው እያሉ የሙቀቱ ሳጥን 112 ማለት ጀመረ። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ የዳር ያለችው መብራትስ?»

«ጨለማ ናት።»

ባትሪ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ በሰዓታቸው እየመዘገቡ ነው፤ በመካከል የጎደለ መስመር የለም። የተሞላ ባትሪ ይዤ ነገ ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ እወርዳለሁ።